ከጋፋት እስከ መቅደላ፦ የዓፄ ቴዎድሮስ ሕይወት፣ ኮምፒውተር ለምታስገጣጥሙ

አይ5 ይሻላል ወይስ አይ7? ኢንቴል ወይስ ራይዘን? ብሩን ፕሮሰሰር ላይ ላፍሰው ወይስ ግራፊክስ ካርድ ላይ? ዴስክቶፕ ላስገጣጥም ብሎ ብር ማጠራቀም የጀመረ ሁሉ እነዚህን ጥያቄዎች ያውቃቸዋል። እኛም ደጋግመን እንጠየቃለን። ዛሬ ግን የዋጋ ዝርዝር ይዘን አልመጣንም። የመጣነው የአንድ ሰው ሕይወት ይዘን ነው።

እኚህ ሰው ኮምፒውተር የሚባል ነገር አላዩም፣ አልሰሙም። ግን ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት በምትባል ቦታ፣ ባለሙያውን ከየትም ፈልገው፣ ዕቃውን ከየትም አሰባስበው፣ ራሳቸው በፈለጉት ልክ አንድ ማሽን ከባዶ አሠርተዋል። ዳግማዊ ዓፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ማሽኑ ደግሞ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው።

ስለ ቴዎድሮስ ጀግንነት ብዙ ተብሏል፣ ብዙ ተዘፍኗል። እኛ ዛሬ በሌላ በኩል እንያቸው። ምን ከምን ጋር አወዳደሩ? ምን መረጡ? የትኛው ክፍል ጎደለባቸው? ያ ሁሉ የተለፋበት ማሽንስ መጨረሻ ላይ ለምን አላዳናቸውም? ታሪኩ ረዘም ይላል፤ ሻይ ነገር ያዙ።

▪️ ካሣ እና የመጀመሪያው ፈተና

በ1811 ዓ.ም አካባቢ ቋራ ውስጥ አንድ ልጅ ተወለደ። ስሙ ካሣ ኃይሉ። አባቱ ቶሎ ሞቱ። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ በችግር ነው ያሳደጉት፤ ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ እንኳን ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቡት ነበር። ገዳም ገብቶ ፊደል ቆጠረ፣ ዳዊት ደገመ። ሲጎረምስ ሸፈተ።

ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። ጎንደር ላይ ስሙ ብቻ የቀረ ንጉሥ ተቀምጧል። እውነተኛው ሥልጣን ያለው ግን ደብረ ታቦር በተቀመጡት የየጁ ራሶች እጅ ነው። ደብረ ታቦርን መናገሻ ያደረጓት ራስ ጉግሣ ነበሩ፤ ካሣ ሲነሳ ወንበሩ ላይ የነበሩት ደግሞ ራስ አሊ። ራስ አሊ የቋራውን ሽፍታ በጉልበት ማንበርከክ ሲያቅታቸው ልጃቸውን ተዋበችን ዳሩለት።

መጋቢት 1840 ዓ.ም ላይ ካሣ ወደ ምዕራብ ቆላ ወርዶ ደባርቂ በተባለ ቦታ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠመ። ሰው አልጎደለውም፣ ድፍረትም አልጎደለውም። ግብፆቹ ግን ምሽግ ይዘው፣ በሥርዓት ተሰልፈው፣ በመድፍና በጠመንጃ ነው የተቀበሉት። ተሸነፈ። ራሱም ቆሰለ።

በእኛ ቋንቋ ያቺ ቀን ቤንችማርክ ነበረች። ሁለት ፕሮሰሰር ማወዳደር ማለት ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ ሳይሆን እውነተኛ ሥራ ሰጥቶ ጎን ለጎን ማስሮጥ ነው። ካሣ ያን ቀን የራሱንና የጠላቱን ጦር ጎን ለጎን አየ። ውጤቱ መራር ነበር፤ ግን አልካደውም። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ከአእምሮው አልወጣም፦ ሥርዓት ያለው ሠራዊት እና መድፍ።

ከዚህ በኋላ ጉዞው ፈጣን ነው። ኅዳር 1845 ዓ.ም ጉር አምባ ላይ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን አሸነፈ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አይሻል ላይ አማቱን ራስ አሊን ድል አደረገ፤ የየጁዎች ዘመን በዚያ አበቃ። የካቲት 1847 ዓ.ም ደረስጌ ላይ የሰሜኑን ደጃዝማች ውቤን ማረከ። ከሁለት ቀን በኋላም ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ጫነ። ስሙም ቴዎድሮስ ተባለ። እኛም ከዚህ በኋላ አንቱ እንላቸዋለን።

▪️ ጋፋት

ደብረ ታቦር ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከጀርባዋ ጉና ተራራ አለ። ቴዎድሮስ ከዘመቻ ሲመለሱ በብዛት የሚያርፉት እዚህ ነበር። ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ሲባል ደግሞ ጋፋት አለች።

ጋፋት ላይ የሰፈሩት ከአውሮፓ የመጡ የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን ነበሩ፤ አብዛኞቹ ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል አጠገብ ካለ የሚስዮን ትምህርት ቤት የወጡ። ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር የሚባሉት ይገኙበታል። የመጡት መጽሐፍ ቅዱስ ለማዳረስ ነው፤ የእጅ ሙያም ነበራቸው። በኋላ ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆል እና ቡርጎ የተባለ ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪ ተቀላቀሏቸው።

ንጉሡ መጀመሪያ ጠመንጃ አስጠገኗቸው፣ ጋሪ አሠሯቸው፣ መንገድ አስጠረጓቸው። ቀጥለው መድፍ ሥሩልኝ አሉ። ሰዎቹ ሙያችን አይደለም፣ አንችልም ብለው መለሱ። ቴዎድሮስ ግን አንችልም የሚባል መልስ የሚቀበሉ ሰው አልነበሩም። ግፊቱ ሲበዛ እሺ ብለው ጀመሩ። ምድጃ ሠሩ፣ ማዕድን አቀለጡ፣ ቅርጽ ውስጥ አፈሰሱ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። እንደገና ሞከሩ። ከብዙ ልፋት በኋላ ተሳካ፤ የንጉሡም ደስታ ወሰን አልነበረውም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ቴዎድሮስ የፈለጉት መድፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያለቀለት መድፍ መለመን ወይም መግዛት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን የሚሠራውን እጅ ነበር የፈለጉት። ጋፋት ላይ ከፈረንጆቹ ጎን ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችና ተማሪዎች ነበሩ፤ ሙያው እዚሁ እንዲቀር ነው ሐሳቡ። ንጉሡ ራሳቸው ሥራው ቦታ ድረስ ይመላለሱ ነበር፤ መንገድ ሲሠራም በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር።

ኮምፒውተራችሁን ራሳችሁ ለመገጣጠም ስትነሱ የምታገኙት ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው። ብር መቆጠብ ብቻ አይደለም። ሲበላሽ የትኛው ክፍል እንደተበላሸ ታውቃላችሁ፤ ሲያንስ የቱን መቀየር እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ። ያለቀለት ማሽን የገዛ ሰው ሲበላሽበት ሌላ ሰው ይጠራል። በዚህ በኩል ቴዎድሮስ ከዘመናቸው የቀደሙ ነበሩ፣ አራት ነጥብ።

▪️ ትልቁ ማሽን

ከጋፋት ከወጡት ሁሉ ትልቁ ሴባስቶፖል ነው። ስሙ ከክሬሚያ ጦርነት የመጣ ነው፤ ሩሲያ ብሪታንያንና ፈረንሳይን ለአንድ ዓመት ገደማ የተቋቋመችባት የወደብ ከተማ ሴባስቶፖል ናት። ቴዎድሮስ የዓለምን ወሬ ይከታተሉ እንደነበር ከዚህ ይታወቃል። ክብደቱ ሰባት ቶን ገደማ ነው። ይሄ ማለት 70 ኩንታል ማለት ነው።

ዓይነቱ ሞርታር ነው። አፉ ሰፊ፣ ቁመቱ አጭር፤ ትልቅ አረር ወደ ላይ አጉኖ ከግንብ በስተጀርባ የሚጥል። እንዲህ ዓይነት መሣሪያ የተፈጠረው ለከበባ ነው። ጠላት ግንብ ውስጥ ተቀምጦ፣ አንተ ውጭ ሆነህ፣ ጊዜ ወስደህ የምትደበድብበት ነው። ይህን ነገር ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ዛሬ ገበያ ላይ ስንወጣም የሚስበን ትልቁ ቁጥር ነው። ኢንቴል ኮር አይ9-13900ኬ የሚባለውን እንይ። 24 ኮር አለው፤ አፍ ያስከፍታል። ግን ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ እስከ 253 ዋት ይስባል። ይህን የሚችል ማዘርቦርድ፣ ይህን የሚያቀዘቅዝ ኩለር፣ ይህን የሚሸከም ፓወር ሰፕላይ ከሌለ ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ዝቅ ያደርጋል። የከፈላችሁበትን ፍጥነት አታገኙትም። በሌላ በኩል ራይዘን 5 5600 ስድስት ኮር ይዞ በ65 ዋት የተመዘነ ነው፤ ለተማሪም፣ ለጌመርም ሥራውን ሠርቶ ያድራል። ጥያቄው የቱ ይበልጣል አይደለም። የቱ ለእኔ ሥራ፣ ከሌሎቹ ዕቃዎቼ ጋር ይሄዳል ነው።

▪️ ወደብ ላይ የቀረው ዕቃ

ቴዎድሮስ ጋፋት ብቻዋን እንደማትበቃ ያውቁ ነበር። ጥቅምት 1855 ዓ.ም ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ በብሪታንያው ቆንስል ካሜሮን በኩል ላኩት። ወዳጅነት ፈልገው ነበር። መልስ ጠበቁ። ወራት አለፉ፣ ዓመት አለፈ። መልስ የለም። ጥር 1856 ዓ.ም ላይ ቆንስሉን አሰሩት፤ ሌሎች አውሮፓውያንም ታሰሩ።

ያኔ ለንደን ነቃች። ሆርሙዝድ ራሳም የተባለ መልእክተኛ መልሱን ይዞ ጥር 1858 ዓ.ም ደረሰ። ቴዎድሮስ ፍላድ የተባለውን ሚስዮናዊ መልሰው ወደ ብሪታንያ ላኩት፤ የጠየቁት ባለሙያና ማሽን ነበር። ብሪታንያም ባለሙያ ቀጠረች፣ ማሽን ገዛች፣ ጫነች። ዕቃውም ሰዎቹም ምጽዋ ደረሱ። ከምጽዋ ግን አላለፉም፤ እስረኞቹ መጀመሪያ ይፈቱ ተባለ። ንጉሡ ደግሞ ዕቃው መጀመሪያ ይምጣ ነው ነገሩ። ሁለቱም እንደተፋጠጡ ቀሩ።

ከውጭ ዕቃ ያዘዘ ሰው ይህ ስሜት ይገባዋል። ዕቃው ተገዝቷል፣ መርከብ ተሳፍሯል፣ አንድ ቦታ ደርሶ ቆሟል። ለዚህ ነው ክፍል ስትመርጡ እዚህ ገበያ ላይ ምን እንዳለ መጀመሪያ እዩ የምንለው። በወረቀት ላይ ምርጥ የሆነ ማዘርቦርድ ሲበላሽ ምትኩ የማይገኝ ከሆነ ሙሉው ማሽን ቆሞ ይቀራል። ትንሽ የቆየ ቢሆንም ዕቃው በየሱቁ የሚገኝ፣ ጠጋኙም የሚያውቀው ይሻላል።

▪️ የኃይል ምንጩ ሲደክም

የኮምፒውተር ሁሉም ክፍል ጉልበቱን የሚያገኘው ከፓወር ሰፕላይ ነው። የመንግሥት ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ገበሬው ነው። እህሉ ከእሱ ነው፣ ወታደሩ ከእሱ ነው፣ መድፍ ጎታቹም እሱ ነው።

ቴዎድሮስ ሲጀምሩ ይህን የተረዱ ይመስሉ ነበር። ወታደር ገበሬውን እንዳይዘርፍ ሊከለክሉ ሞከሩ፤ ለወታደሩ ደሞዝ ሊቆርጡ አሰቡ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ሲባል ዓይናቸው የቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ አረፈ። ካህናቱ ተነሡባቸው። ጳጳሱ አቡነ ሰላማ መቅደላ ታስረው እዚያው ሞቱ። በወሎ፣ በሸዋ፣ በጎጃም፣ በትግራይ አንዱ ዓመፅ ሲበርድ ሌላው ይነሣል። በ1857 ዓ.ም ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ። ሚስታቸው ተዋበችም፣ ወዳጃቸው እንግሊዛዊው ጆን ቤልም ቀደም ብለው ሞተዋል።

ንጉሡ ሲገፉ ጨከኑ። በ1859 ዓ.ም ጎንደርን ዘረፏት፣ አብያተ ክርስቲያናቷንም አቃጠሉ። በደብረ ታቦር ዙሪያ ያለው የበጌምድር ገበሬ ላይ የደረሰው ቅጣትም ከባድ ነበር። ይህን መደበቅ አይገባንም። ሴባስቶፖል እየተሠራ በነበረበት ጊዜ የጋፋት ዙሪያ ሰው ንጉሡን ይሸሽ ነበር። አገሪቱን አንድ አደርጋለሁ ብለው የተነሡት ሰው እጅ ላይ የቀረው ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ያለች ቀጭን መሬት ብቻ ሆነ። ምድጃው ነደደ፣ መድፉ ተሠራ፤ የሚሸከመው ሕዝብ ግን አልቆ ነበር።

ለዚህ ነው ርካሽ ፓወር ሰፕላይ አትግዙ የምንለው። ሰው ብሩን ፕሮሰሰሩና ካርዱ ላይ ይጨርስና በተረፈችው ማንነቱ ያልታወቀ ፓወር ሰፕላይ ይገዛል። እሱ ሲቃጠል ብቻውን አይሄድም፤ ማዘርቦርዱን ይዞ ሊሄድ ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ደግሞ ዩፒኤስ ቅንጦት አይደለም።

▪️ መንገዱ

በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ለቀቁ። መዳረሻቸው መቅደላ ነው፤ ከደቡብ ጎንደር ወጥቶ ወሎ ውስጥ ያለ አምባ። መድፎቹን ሁሉ ጋሪ ላይ ጭነው ነው የተነሡት።

ያን አገር የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በጋይንት በኩል ጨጨሆን አልፎ፣ ዋድላን ይዞ፣ የጅጣን ገደል ወርዶ ወጥቶ፣ ደላንታን አቋርጦ፣ እንደገና ወደ በሽሎ ወርዶ ነው። አንዱ ገደል ብቻ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ዛሬ በመኪና እንኳን ልብ የሚያርድ ነው። እነሱ ይህን መንገድ 70 ኩንታል ይዘው ነበር የሚሄዱት። ጋሪ የሚሄድበት መንገድ ስላልነበረ እየቆፈሩ፣ ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በገመድ እየጎተቱ ነው። ስድስት ወር ገደማ ፈጀባቸው። መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ሆኗል።

እንደ ሥራ ካየነው ጉድ የሚያሰኝ ነው። እንደ ምርጫ ካየነው ግን ችግሩ እዚህ ጋ ገሀድ ወጣ። ማሽኑና አገሩ አይገጥሙም። ኤኤም4 ፕሮሰሰር ኤኤም5 ሶኬት ላይ እንደማይቀመጥ፣ ዲዲአር5 ራም ዲዲአር4 ቦርድ ላይ እንደማይገባ ማለት ነው። ሁለቱም ለየብቻቸው ደህና ናቸው፤ አብረው ግን አይሄዱም። ቴዎድሮስ አገሩን ለማሽኑ ቆረጡት። ቆረጡት ስንል በቃሉ ሙሉ ትርጉም ነው፤ ገደሉን እየቆረጡ።

የሚገርመው ደግሞ ይኸውላችሁ። በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የብሪታንያ ጦር 13,000 ያህል ወታደር ይዞ በቀይ ባሕር በዙላ በኩል ገብቶ ነበር። ከህንድ ያመጣቸው 44 ዝሆኖች ከባዱን ዕቃ ይሸከማሉ። ይህ ጦር ዋድላ ሲደርስ ያገኘው ምን መሰላችሁ? ቴዎድሮስ ለመድፋቸው የጠረጉትን መንገድ። የጅጣንና የበሽሎን ገደል በእሱ ተጠቅሞ ተሻገረ።

▪️ እሮጌ

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም፣ የስቅለት ዕለት። የብሪታንያ ጦር ከመቅደላ በታች እሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ ታየ። ከላይ ከፋላ አፋፍ የቴዎድሮስ መድፎች ተኮሱ። ከላይ ወደ ታች ሲተኮስ አረሩ ከጠላት አናት በላይ እያለፈ ወደቀ። ከትላልቆቹ አንዱ ደግሞ ከመጠን በላይ ባሩድ ጎርሶ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። በፊታውራሪ ገብርዬ የሚመራው ሠራዊት ቁልቁል ተወረወረ።

አሁን ያቆየናት ነገር ትምጣ። ሞርታር ግንብ ለመደብደብ ነው። የዚያ ቀን ሥራ ግን ሜዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ጦር ማቆም ነበር። ሴባስቶፖል ሰባት ቶኑን ይዞ የዚያን ቀን ውጊያ አልቀየረም።

ውጊያውን የወሰነው በእጅ የሚያዝ ጠመንጃ ነው። አባቶቻችን በኋላ ሰናድር ያሉት። ታሪኩን ስሙት፦ ሰናድር አዲስ ጠመንጃ አይደለም። ብሪታንያ ኤንፊልድ የሚባሉ፣ በአፈሙዛቸው በኩል የሚጎርሱ የድሮ ጠመንጃዎች በብዛት ነበሯት። አልጣለቻቸውም። የኋላቸውን ብቻ ቆርጣ ጥይት ከኋላ የሚያጎርስ መዝጊያ ገጠመችላቸው። በርሜሉ ያው፣ ሰደፉ ያው። ግን በአፈሙዝ የሚጎርሰው በደቂቃ ሦስት ያህል ሲተኩስ ሰናድር አሥር ያህል ይተኩሳል። የቴዎድሮስ ወታደሮች ጠመንጃ ያላቸው በአፈሙዝ ያጎርሳሉ፤ የሌላቸው ጦርና ጋሻ ይዘዋል።

ሲመሽ 700 ገደማ ኢትዮጵያውያን ሞተው ነበር፤ ገብርዬም አብረው ወደቁ። ከብሪታንያ በኩል 20 ገደማ ቆሰሉ፤ ከእነሱ ውስጥ የሞቱት ሁለት ናቸው። ይህ ቁጥር ስለ ድፍረት ምንም አይነግረንም። ስለ መሣሪያ ነው የሚነግረን።

አሁን ወደ ፕሮሰሰር እንምጣ። እ.ኤ.አ በ2017 የወጣው ኮር አይ7-7700 አራት ኮርና ስምንት ትሬድ አለው፤ ጣሪያው 4.2 ጊጋኸርዝ ነው። በ2022 የወጣው ኮር አይ3-12100ም አራት ኮርና ስምንት ትሬድ ነው፤ ጣሪያው 4.3። ቁጥራቸው መንታ ይመስላል። ስሙን ያየ ሰው አይ7ን ይመርጣል። ግን አይ3 በግልጽ ይፈጥናል፤ ምክንያቱም በእያንዳንዷ ምት የሚሠራው ሥራ ይበልጣል። ጠመንጃው ያው ይመስላል፣ ውስጡ ግን ሰናድር ነው። ስለዚህ አይ3፣ አይ5፣ አይ7 የሚለውን ብቻ ሳይሆን ከእሱ ቀጥሎ ያለውን የትውልድ ቁጥር አንብቡ። በዚያ ላይ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው፤ 7700 ከዚህ መስመር በታች ነው።

ሁለተኛውን ነገርም ልብ በሉ፦ ብሪታንያ ያሸነፈችው ሁሉን ጥላ አዲስ ገዝታ አይደለም። ያላትን አሻሽላ ነው። ኤኤም4 ቦርድ ያላችሁ ልጆች ይህ ለእናንተ ነው። ከጥንቶቹ የራይዘን ቦርዶች ብዙዎቹ ባዮሳቸው ከታደሰ የ5000 ተከታታዮቹን ፕሮሰሰሮች ይቀበላሉ። አንድ ክፍል ቀይራችሁ አዲስ ማሽን ያገኛችሁ ያህል ነው።

▪️ መጨረሻው

ከእሮጌ በኋላ ቴዎድሮስ እስረኞቹን ለቀቁ። ናፒየር ግን እጅ እንዲሰጡ ጠየቀ። ሚያዝያ 6፣ ሰኞ ዕለት፣ መቅደላ ተደብድቦ በሩ ሲሰበር ንጉሡ ሽጉጣቸውን አውጥተው ራሳቸውን ገደሉ። ሽጉጡ ከዓመታት በፊት ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የመጣ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የገዛ እጃችን ሥራ ይኑረን ብለው የለፉት ሰው በመጨረሻዋ ሰዓት እጃቸው ላይ የነበረው ከሰው አገር የተላከ ዕቃ ነው። ዕድሜያቸው 50 ገደማ ነበር።

ብሪታንያ መቅደላን አቃጠለች፣ መጻሕፍትና ቅርሶችን ጭና ሄደች፤ ሕፃኑን ልዑል ዓለማየሁንም ወሰደች። ሴባስቶፖልን ግን የሚያነሣው አልተገኘም። እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የምታዩት አምሳያው ነው።

▪️ እንግዲህ እኛ ምን እንያዝ?

ቴዎድሮስ በሐሳባቸው አልተሳሳቱም ብለን እናምናለን። ሙያውን አገር ውስጥ ማስቀረት ትክክል ነበር። የከሸፈው ምርጫው ነው፤ ትልቁን መረጡ፣ ሥራውን ሳይመዝኑ። ደግሞም ዋጋውን የከፈለው ያልተጠየቀ ገበሬ ነው። ከዚህ በመነሣት፣ ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል አስቡ፦

1. ሥራውን ጻፉ። ጌም ነው? ቪዲዮ ማቀናበር ነው? ኮድ ነው? ለጌም ብዙውን ብር ግራፊክስ ካርድ ላይ አድርጉ፤ ፕሮሰሰሩ መካከለኛ ይሁን። ለቪዲዮ ብዙ ኮርና በቂ ራም። ለጽሑፍና ለትምህርት ሥራ ግራፊክሱ ውስጡ ያለ ፕሮሰሰር ይበቃል። የኢንቴል ስም መጨረሻ ላይ የኤፍ ፊደል ካለች ግን ግራፊክስ የለውም ማለት ነው፤ ያለ ካርድ ስክሪኑ ጨለማ ነው።

2. መግጠማቸውን አረጋግጡ። ሶኬት ከሶኬት፣ ራም ከቦርድ፣ ካርድ ከኬዝ ርዝመት። የ12ኛ ትውልድ ኢንቴል ቦርዶች አንዳንዶቹ ዲዲአር4፣ አንዳንዶቹ ዲዲአር5 ናቸው፤ ሳትጠይቁ ራም አትግዙ።

3. ራም ስትገዙ ከአንድ ባለ 16 ይልቅ ሁለት ባለ 8 ይሻላል፤ በተለይ ያለ ግራፊክስ ካርድ ለምትሠሩ።

4. ፓወር ሰፕላይ ላይ አትቆጥቡ። ስሙ የታወቀ፣ ዋቱ የሚበቃ ይሁን።

5. ማቀዝቀዣውን አትርሱ። እንደ ደብረ ታቦር ባለ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል። ብርዱ ያግዛል፤ ግን የታፈነ ኬዝ ውስጥ ብርዱ አይገባም።

6. ያላችሁን እዩ። አሮጌ ማሽን በሃርድ ዲስክ የሚሠራ ከሆነ፣ ኤስኤስዲ ብቻ ቀይራችሁ ሌላ ኮምፒውተር ሊመስላችሁ ይችላል። የእናንተ ሰናድር ይቺ ልትሆን ትችላለች።

የጋፋት ስም አልጠፋም። ዛሬ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በእሷ ስም ይጠራል። እዚያ የምትማሩ፣ ወይም ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ በዊንዳይቨር የምትታገሉ ልጆች ከዋልድማየርና ከሳልሙለር የተሻለ ዕድል አላችሁ። ማንም አስገድዷችሁ አይደለም፣ ብትሳሳቱም ገደል የሚጎትት ሕዝብ የለም። ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አወዳድሩ፣ ጠይቁ፣ ከዚያ ግዙ።

ዝርዝራችሁን ጽፋችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ላኩልን፤ አብረን እናየዋለን። ለሚያስገጣጥም ጓደኛችሁም አጋሩት።